የተዛባ የሥርዓተ ፆታ አመለካከት

የተዛባ የሥርዓተ ፆታ አመለካከት ማለት ሰውን በችሎታው ሳይሆን በፆታው ብቻ መዝኖ ሥራና ጠባይ መደልደል ነው። በአማርኛ «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚል ተረት አለ፤ አመለካከቱ ይበልጥ የሚታየው ግን በሙገሳና በስድብ ነው። ጎበዝ ሴት «ወንድ ናት» ተብላ ትመሰገናለች፤ እናቱ ብቻዋን ያሳደገችው ሰው ደግሞ «የሴት ልጅ» ተብሎ ይሰደባል (የእናት ልፋት ለስድብ መዋሉ ነው የሚገርመው)።

በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ በግራና አካባቢም ሆነ በሌላው የአማራ ገጠር፣ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሰበስባለች፤ ሞፈርና ቀንበር ግን የወንድ ነው ይባላል። በዚህም ምክንያት ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ብዙ ጊዜ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ምርቷን ትካፈላለች። አመለካከቱ እህል ያስከፍላል ማለት ነው።

ሕጉም ይህንኑ ያጸና ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይም የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ይሰፍራል። ማረሻውን የሚይዘው ግን አሁንም በአብዛኛው ወንድ ነው።