የእስያ ንብ ማርና የማር ቆራጮቹ ትዕግሥት

ከአፍጋኒስታን እስከ ጃፓን ባለው ሰፊ ምድር የምትኖረው የእስያ ንብ በኢትዮጵያ ቀፎዎች ከምናውቃት ንብ የተለየች ዝርያ ናት። አካሏ አነስ ያለ ነው፤ በዛፍ ጎድጓዳና በድንጋይ ስንጥቅ ትሰፍራለች፤ ማሯም ጥቂት ነው። ይህ ጥቂት ማር ቁስል ያደርቃል፣ ሕመም ያርቃል የሚል ስም ከያዘ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል። የዛሬ ነጋዴ ስሙን ለንቧ ተፈጥሮ ሰጥቶ ማሩን በውድ ይሸጣል። የጃፓን ታሪክ ሲመረመር የሚታየው ከዚህ ይለያል። የማሩን ጥራትም ሆነ ጀርም የመግታት ኃይሉን የጠበቀው ከንቧ ዝርያ ይልቅ ሰዎቹ ማሩን የሚቆርጡበትና የሚያጠሩበት ልማድ ነው።

በጃፓን ስለ ንብ እርባታ የተጻፈው የመጀመሪያ ወሬ የክሽፈት ወሬ ነው። ኒሆን ሾኪ የተባለው ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ በ643 እ.ኤ.አ. ከኮሪያው የቤክጄ መንግሥት የመጣ ልዑል አራት የንብ ቤቶች በሚዋ ተራራ ላይ አኖረ፤ ንቦቹ ግን አልተባዙም። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ927 የተጠናቀቀው ኤንጊሺኪ የተባለው የሥርዓት መጽሐፍ ማርን ለቤተ መንግሥቱ ከሚገባው ግብር ጋር ይቆጥረዋል። ካይ፣ ሺናኖና ቢንጎን የመሳሰሉ አውራጃዎች እንዲያስገቡ የታዘዙት መጠን ቢበዛ ሁለት ሾ ነበር፤ በዛሬው መለኪያ እንኳ አራት ሊትር አይሞላም። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በመንግሥት ሕግ መጽሐፍ መስፈሩ ማሩ ከማዕድ ምግብነት ይልቅ በመድኃኒትነቱ ይፈለግ እንደነበር ይጠቁማል። በሕንድም ሱሽሩታ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ማርን በስምንት ዓይነት ከፍሎ ከቅቤ ጋር ለቁስል ያዝዘዋል። በኋላ ዘመን በጃፓን ስሙ የገነነው የኩማኖ ተራራማ አገር ማር ነው። በዚያ ግንድ ቦርቡረው ቀፎ ያበጃሉ፤ ንቦቹን ያለ ብዙ ንክኪ ይተዋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይቆርጣሉ፤ የማሩን እንጀራ ሰባብረው በራሱ ጊዜ እንዲንጠባጠብ ያደርጋሉ። ተጨምቆ ወይም በእሳት ቀልጦ የሚወጣው ከተንጠባጠበው ያነሰ ክብር ነበረው።

የዚህ ልማድ ምክንያት በቤተ ሙከራ የተገለጠው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1892 ቫን ኬቴል የተባለ ሆላንዳዊ ማር ባክቴሪያ እንደሚገታ ጻፈ። ዶልድ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1937 ያልታወቀውን ገቺ ነገር ኢንሂቢን አሉት። በ1963 አሜሪካዊው ጆናታን ኋይትና ባልደረቦቹ ይህ ነገር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መሆኑን አረጋገጡ። ንቧ ከእጢዋ የምታመነጨው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም በበሰለ ማር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ ማሩ በቁስል እርጥበት ሲቀጥን ይነቃና ስኳሩን እየለወጠ ፐርኦክሳይዱን ቀስ በቀስ ያወጣል። የማሩ አሲድነትና ውኃ የመሳብ ጠባዩም ያግዛሉ። ኢንዛይሙን እሳት ያበላሸዋል፤ ብርሃንም ያዳክመዋል። እንግዲህ ማሩን ከእሳት አርቀው ያንጠባጥቡ የነበሩት ሰዎች ስሙን ሳያውቁ ዋናውን ነገር ጠብቀውታል። ይህ ደግሞ በአንድ ዝርያ የተወሰነ አይደለም፤ በኢትዮጵያ የምናውቃት የምዕራብ ንብም ይህንኑ ኢንዛይም ትሠራለች።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ግን አለ። የእስያ ንብ ማር ቀጭን ነው፤ በተለይ እርጥበት በበዛበት አገር የውኃው መጠን ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ከፈቀደው 20 በመቶ ብዙ ጊዜ ያልፋል። እንዲህ ያለ ማር ቶሎ ይፈላል፤ ታዲያ እንዴት ጥሩ ማር ይባላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የፈላ ማር በታሪኩ አይድንም። ነገር ግን እርጥበቱ ራሱ ወደ ልማዱ ይመልሰናል። ንቦቹ እንጀራውን በሰም የሚከድኑት ማሩ ከበሰለ በኋላ ነው፤ እስኪከደን የጠበቀ ቆራጭ የሚያገኘው ማር ተቻኩሎ ከቆረጠው ሰው ማር ይልቅ ደረቅ ነው። የጃፓን የሜጂ ዘመን መንግሥት በ1877 የምዕራብ ንብን ከአሜሪካ ሲያስገባ ዘመናዊ ቀፎና እንጀራውን አሽከርክሮ ማር የሚያወጣ ማሽንም ተስፋፋ፤ ምርቱ ብዙ እጥፍ ሆነ፤ በአንድ ወቅት ደጋግሞ መቁረጥም ተቻለ። ጉዳዩ የት ሊደርስ እንደሚችል ያየነው በኛ ዘመን ነው፤ በአንዳንድ አገሮች ያልበሰለ ማር እየተቀዳ ውኃው በፋብሪካ ይመጠጣል። የዓለም ንብ አናቢዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን አፒሞንዲያ በ2019 ይህን አሠራር ከማጭበርበር ቆጥሮ ተቃውሞታል። የዚህ ዓይነቱ ማር የውኃ መለኪያውን ያሟላል፤ ንቦቹ በቀፎ ውስጥ ሊጨርሱት የሚገባው ሥራ ግን ጎድሎታል። ስለዚህ የውኃ መጠን ብቻውን የጥራት ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ሌላው ተቃውሞ ከአበባው ወገን ይመጣል። የኒውዚላንዱ ፒተር ሞላንና ባልደረቦቹ በ1991 ያወጡት ጥናት የማር ኃይል እንደ አበባው በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ ማኑካ ከተባለው ተክል አበባ የሚገኘው ማር ደግሞ ኃይሉ ከፐርኦክሳይድ ሳይሆን በአብዛኛው ሜቲልግላይኦክሳል ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። እውነት ነው፤ አበባው ከአቆራረጡ በፊት ይመጣል፤ ትዕግሥተኛ ቆራጭም ደካማውን የአበባ ማር ብርቱ ሊያደርገው አይችልም። ቆራጩ ማድረግ የሚችለው ያለውን ኃይል አለማጥፋት ነው፤ የኩማኖ ሰዎች ያደረጉትም ይኸው ነው። ከቀፎ የወጣ ማርን ሁሉ እንደ መድኃኒት በቁስል ላይ መቀባት ግን አይገባም፤ ማር የቦቱሊዝም ተሕዋስ ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የማይሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለሕክምና የሚዘጋጀው ማር ከዚህ ተሕዋስ የሚጸዳው በጋማ ጨረር ነው፤ ጨረሩ ዘሩን ሲገድል የማሩን ባክቴሪያ የመግታት ኃይል አይነካውም፤ ያንኑ ዘር ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ግን ኢንዛይሙንም አብሮ ያጠፋዋል።