የጌም ማሽኖች ፍልሚያ ከሊማሊሞ ማዶ

ፕሌይስቴሽን ይሻላል ወይስ ኤክስቦክስ? ይህ ጥያቄ በአሜሪካና በአውሮፓ የጌም አፍቃሪዎች ዘንድ እንደ አርሴናልና ማንቸስተር ክርክር ነው፤ ማለቂያ የለውም። የምስል ጥራት ይነሳል፣ የፕሮሰሰር ፍጥነት ይነሳል፣ በአንዱ ማሽን ላይ ብቻ የሚገኙ ጌሞች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ነገሩ ክርክር ለመሆን እንኳ አልበቃም። ቤቱ ራሱ «ፕሌይስቴሽን ቤት» ነው የሚባለው። ሃይላንድ የታሸገ ውሃ ሁሉ ስም እንደሆነ፣ የሶኒ ማሽንም የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ሶኒ እንዴት አሸነፈ? ይህን ከአዲስ አበባ ሆኖ ከመመለስ ከአዲ አርቃይ ሆኖ መመለስ ይቀላል። አዲ አርቃይ ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ጣሊያን ገደሉን ቆርጦ ያበጀውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ የሚደረስባት፣ በሽሬ መንገድ ላይ ያለች የሰሜን ጎንደር የወረዳ ከተማ ናት። እዚያ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ያንን ቁልቁለት ይወርዳል፤ ሲበላሽም ያንኑ ዳገት ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ ማሽን ዋጋ የሚለካው በሌላ ሚዛን ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ጌሙ በርካሽ ይገኛል? መብራት ሄዶ ሲመጣ ይነሳል? ሁለት ሰው ጎን ለጎን አስቀምጦ ያጫውታል? ኩባንያዎቹ ሲፎካከሩ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አላሰቡትም። መልሱን ያገኙት በአጋጣሚ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ቂም ነው። ሶኒ መጀመሪያ የራሱን ማሽን የመሥራት ሐሳብ አልነበረውም፤ ለኒንቴንዶ የሲዲ ማጫወቻ ሊሠራ ተስማምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ቺካጎ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ላይ ሶኒ ሽርክናውን ባበሰረ ማግስት፣ ኒንቴንዶ ተነስቶ «አብሬ የምሠራው ከፊሊፕስ ጋር ነው» አለ። በአደባባይ የተደረገ ውርደት ነበር። ኬን ኩታራጊ የተባለው የሶኒ መሐንዲስ አለቆቹን አሳምኖ ሥራውን ቀጠለና የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ታኅሣሥ 3 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ።

ኒንቴንዶ በ1996 ባወጣው ኒንቴንዶ 64 ላይ ከካሴት አልላቀቅም አለ። ካሴት ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ለመቅዳትም ያስቸግራል። ግን ውድ ነው፤ ትልቁ የኒንቴንዶ 64 ካሴት 64 ሜጋባይት ሲይዝ አንድ ተራ ሲዲ 650 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ጌም ሠሪዎች ወደ ሶኒ ጎረፉ። በመጨረሻ ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ፣ ኒንቴንዶ 64 ደግሞ 33 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። በሠለጠነው ዓለም የታሪክ መጻሕፍት ይህ የቦታና የዋጋ ድል ተብሎ ነው የሚነገረው።

ለእኛ ግን ሲዲው ሌላ ትርጉም ነበረው። ሲዲ ይገለበጣል። ሶኒ ይህን ለመከላከል ኦሪጅናሉ ዲስክ ላይ ተራ ማቃጠያ ሊቀዳው የማይችል ጥቃቅን ንቅናቄ አስቀርጾ ነበር፤ ማሽኑ ያንን ምልክት ካላነበበ ጌሙን አይከፍትም። ብዙም ሳይቆይ ትንሽ ቺፕ ማዘርቦርዱ ላይ በጥቂት ሽቦ በይዶ ምልክቱን በሐሰት ማቀበል እንደሚቻል ታወቀ። ከዚያ በኋላ የአንድ ጌም ዋጋ የባዶ ሲዲ ዋጋ ሆነ። ሕግ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሁለት አስርት ዓመታት አልፈዋል፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ነገር ግን ኦሪጅናሉን በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ሱቅ በሌለበት አገር ሰው የሚመርጠው በኦሪጅናልና በግልባጭ መካከል ሳይሆን በግልባጭና በባዶ እጅ መካከል ነው።

እዚህ ላይ ግን መቸኮል አያስፈልግም። መገልበጥ ብቻውን የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ አሸናፊው የሴጋው ድሪምካስት በሆነ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ማሽን በአሠራሩ ላይ በተገኘ ቀዳዳ የተነሳ የተገለበጠ ሲዲ ያለ ምንም ቺፕ ያነብ ነበር። በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ለመገልበጥ ቀላሉ እሱ ነበር፤ ሆኖም ሴጋ ጥር 2001 ላይ ምርቱን ማቆሙን አስታወቀ። ምን ጎደለው? ብዙ ነገር ጎድሎታል፤ ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች ግን አንዱ ብቻ በቂ ነው፤ ፊፋ አልነበረውም። የፊፋ ሠሪ ኢኤ ለድሪምካስት አንድም ጌም አልሠራም። ኮናሚም «ዊኒንግ ኢለቨን» የተባለውን የእግር ኳስ ጌሙን ከ1995 ጀምሮ ያሳደገው በፕሌይስቴሽን ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ለማየት ቪዲዮ ቤት በሚታጨቅበት አገር ኳስ የሌለው ማሽን ምን ያደርጋል?

ስለዚህ በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 የተዘጋጀ ገበያ አገኘ። ኳስ አለው፣ ዲስኩ ይገለበጣል፣ በዚያ ላይ የፊልም ዲቪዲ ያጫውታል። ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ እስካሁን ክብረ ወሰኑን የያዘ ማሽን ነው። አሜሪካ ውስጥ የወጣበት ዋጋ 299 ዶላር ነበር፤ በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 2,500 ብር ገደማ መሆኑ ነው፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር። ያም ቢሆን ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ነው። ለአንድ ሰፈር ግን ከባድ አይደለም፤ የፕሌይስቴሽን ቤት ምሥጢርም ይኸው ነው። ኩባንያው ለሳሎን የሠራውን ዕቃ ኢትዮጵያዊው የጆተኒ ቤት ሥርዓት አስገባው። ተሸናፊ ይከፍላል፣ ይነሳል፤ አሸናፊ ይቀመጣል፤ ተረኛ ይጠብቃል። አንድ ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ። ያለ ማጋነን፣ በትንሽ ካፒታል ሥራ ለጀመሩ ብዙ ወጣቶች የእንጀራ ገመድ ሆኗል። ወላጅና መምህር ሲያማርሩበት፣ በተለይ ትምህርት ቤት አጠገብ የተከፈተው በደንብ አስከባሪ ሲዘጋ መኖሩም አይካድም፤ ቅሬታው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ማይክሮሶፍትስ? በ2001 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤክስቦክስ በጉልበት ከፕሌይስቴሽን 2 ይበልጥ ነበር። የኢንተርኔት ገመድ መሰኪያና ሃርድ ዲስክ ይዞ ነው የተወለደው፤ በማግስቱ ዓመት የተከፈተው ኤክስቦክስ ላይቭ ደግሞ ተጫዋቾችን ከየቤታቸው በኢንተርኔት ያገናኝ ጀመር። ለሲያትል ልጅ ትልቅ ነገር ነው። አዲ አርቃይ ላለ ግን ተጋጣሚው አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ኢንተርኔት የሚያመጣለት አንዳች ነገር የለም።

ይህ ልዩነት አፍጥጦ የወጣው ግንቦትና ሰኔ 2005 ዓ.ም. ነበር። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ ቢያንስ አንዴ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ካላገኘ ጌም እንደማያጫውት ተናገረ። ኢንተርኔት የሌላቸው ሰዎች ምን ይሁኑ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የዘርፉ ኃላፊ ዶን ማትሪክ ለእነሱ የቀድሞው ኤክስቦክስ 360 አለላቸው የሚል መልስ ሰጠ። ቁጣው ከባድ ስለነበር ኩባንያው በሳምንታት ውስጥ ሐሳቡን አጠፈ። ሶኒ በዚያው ሰሞን «የእኛ ዲስክ ለጓደኛ ይዋሳል፣ ይሸጣል» ብሎ ተሳለቀ፤ ዋጋውንም በ100 ዶላር አሳንሶ ገባ።

ያ ደንብ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ለማወቅ ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። አዲ አርቃይ በ2013 ክረምት ጦርነት የደረሰባት ከተማ ናት። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተከትሎ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። በየ24 ሰዓቱ ፈቃድ የሚጠይቅ ማሽን በዚያ ጊዜ ከደባርቅ እስከ ተከዜ ድረስ የተሸፋፈነ ሳጥን ነበር የሚሆነው። ዲስክና ሃርድ ዲስክ ላይ የተጫነ ጌም ግን መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ ይሠራል።

እንዲያውም የእኛ ቤቶች ኢንተርኔትን ሆን ብለው የሚሸሹ ናቸው። ፕሌይስቴሽን 4 «ጄልብሬክ» የሚደረገው በአሮጌው የሲስተም ቨርዥን ላይ ነው፤ ማሽኑ ከኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ራሱን ካደሰ ቀዳዳው ይደፈናል። ስለዚህ ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከጭረቱ በፊት የሚጠይቀው «ቨርዥኑ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ማዘመን ማለት ማበላሸት የሆነበት ገበያ ነው። ቢፈልግስ? ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ሕጋዊ ደንበኛ ልሁን የሚል የውጭ አገር አድራሻ ሞልቶ በሐሰት መመዝገብ አለበት።

አሁን ግን ያኔ በማይክሮሶፍት የተሳለቀው ሶኒ ራሱ በዚያው መንገድ ላይ ነው። ኮናሚ በ2021 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ፔስን ጥሎ ኢፉትቦል ብሎ ሲመጣ ዲስክ የለውም፤ ነፃ ነው፣ ግን ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ከኢንተርኔት ጋር ይኖራል። ባለ ዲስኩ ፔስ በ2021 እትም ቆመ። ኔትወርክ በሌለው ቤት ውስጥ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ዝውውሮች የሉም፤ አሰላለፉ እንደ ቆመ ሰዓት ነው።

ኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ላይ የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ደግሞ ሲወጣ ዋጋው 700 ዶላር ነበር። ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በነበረው ምንዛሪ ይህ ቀረጥ ሳይጨመር ከ80 ሺህ ብር ይበልጥ ነበር። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የዲስክ ማንበቢያ የለውም፤ ለብቻው ተገዝቶ ይገጠማል። ተገዝቶ የተገጠመው ማንበቢያም ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት።