ጓይ ትልን ለይቶ መከላከል፤ ንብን ከርጭት መጠበቅ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸናና አካባቢዋ ባለው ጥቁር አፈር ሽንብራ የሚዘራው የክረምቱ ዝናብ ሲቀንስ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ነው። ሰብሉ አብቦ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ዋነኛ ጠላቱ ጓይ ትል ይከሰታል። የትሉ እናት የሆነችው የእሳት እራት በሌሊት እንቁላሏን በቅጠልና በአበባ ላይ አንድ በአንድ ትጥላለች፤ በዕድሜዋም ከ1 ሺህ በላይ ልትጥል ትችላለች። ትሉ በመጀመሪያ ቅጠሉን፣ ሲጎለምስ ደግሞ ሽፋኑን በስቶ ፍሬውን ይበላል።

እንደ ማላታይንና ዲያዚኖን ያሉ ኬሚካሎች ትሉን ይገድላሉ፤ ነገር ግን ጎጂውን ከጠቃሚው ነፍሳት አይለዩም። ሽንብራ በሚያብብበት በጥቅምትና በኅዳር በአቅራቢያው ያለ ኑግም ሊያብብ ይችላል። ኑግ ከሌላ የኑግ ተክል የአበባ ዱቄት ካልደረሰው ፍሬው ይመነምናል፤ ዱቄቱን የሚያደርሱለትም በዋናነት ንቦች ናቸው። ስለዚህ ንብ ሲያልቅ ከማሩ ጋር የኑጉ ምርትም ይቀንሳል።

በማሳው ውስጥ ትሉን የሚያጠፉ ሌሎች ፍጥረታትም አሉ። ጥቃቅን ተርቦች እንቁላላቸውን በትሉ ሰውነት ውስጥ ይጥላሉ፤ የሚፈለፈሉት ልጆችም ትሉን ከውስጥ በልተው ይገድሉታል። ሸረሪቶችና አንዳንድ ጥንዚዛዎችም ያድኑታል። ርጭቱ እነዚህን ከፈጀ በኋላ ትሉ ያለ ተቆጣጣሪ በፍጥነት ይራባል፤ አርሶ አደሩም ለሁለተኛ ርጭት ወጪ ይዳረጋል። ርጭቱ ሲደጋገም ደግሞ ትሉ መድኃኒቱን ይላመዳል።

ጎጂውን ለይቶ ለመከላከል የሚከተሉት ይረዳሉ፦

• ከአበባ ጊዜ ጀምሮ ማሳውን በየጊዜው ማሰስና ትሉን ገና ትንሽ ሳለ በእጅ መልቀም፤

• ሰብሉ እንደተሰበሰበ መሬቱን ማረስ፤ በአፈር ውስጥ በሙሽራነት የተኛው ትል ለፀሐይና ለወፍ ይጋለጣል፤

• በሽንብራው መካከል ድምብላል መዝራት፤ አበባው ጠቃሚ ተርቦችን ይስባል፤

• ለትል ብቻ የተዘጋጀ መድኃኒት መምረጥ። ለምሳሌ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1901 በጃፓን በሐር ትል ላይ የተገኘ ነው። ለትል የሚዘጋጀው ዓይነት ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው አንጀቱን ያበላሻል፤ ንብን ግን አይጎዳም።

ኬሚካል መርጨት ግድ ከሆነ ፀሐይ ጠልቃ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይረጫል። ያበበ ማሳ ላይ መርጨት አይገባም። ንብ አናቢ ጎረቤቶች ቀፏቸውን እንዲዘጉ ወይም እንዲያርቁ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ሊነገራቸው ይገባል። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥም ሆነ መጠቀም ክልክል ነው። አርሶ አደሮች መድኃኒት ከመግዛታቸው በፊት የቀበሌያቸውን የግብርና ልማት ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል።