ኩታ ገጠም ፋይል፦ «ዲፍራግመንቴሽን» ምንድን ነው? ለየትኛው ኮምፒውተር ይጠቅማል?

የቤት ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ በብዙዎቻችን አፍ ላይ የሚመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ «ቫይረስ ገብቶበታል» እና «ፎርማት ይደረግ»። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ፎርማት የተደረገው ኮምፒውተር ጥቂት ወራት ፈጥኖ ይሠራና ወደ ቀድሞ መንቀራፈፉ ይመለሳል። በመካከሉ ሳይገለበጡ የቀሩ የልጆች ፎቶዎች ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ አብረው ይጠፋሉ። ይህን ያህል ዋጋ ከመክፈል በፊት ሊታወቅ የሚገባው አንድ ጽንሰ ሐሳብ አለ። በባለሙያዎች ዘንድ «ዲፍራግመንቴሽን» ወይም ባጭሩ «ዲፍራግ» ይባላል። እኛ እዚህ «ፋይልን ኩታ ገጠም ማድረግ» እንለዋለን።

ትርጉሙ

የፋይል መበጣጠስ (ፍራግመንቴሽን)፦ የአንድ ፋይል ክፍሎች በዲስኩ ላይ ተከታትለው መቀመጣቸው ቀርቶ፣ ባዶ ቦታ በተገኘበት ሁሉ ተለያይተው መቀመጣቸው።

ፋይልን ኩታ ገጠም ማድረግ (ዲፍራግመንቴሽን)፦ ተለያይተው የተቀመጡትን የፋይል ክፍሎች አንሥቶ፣ አንዱ ከሌላው ጎን ተከታትለው እንዲቀመጡ የሚያደርግ የጥገና ሥራ።

ኩታ ገጠም ፋይል፦ ክፍሎቹ በሙሉ ተያይዘው የተቀመጡ ፋይል።

ለምን «ኩታ ገጠም»?

ቃሉ የእርሻ ቃል ነው። ወሰን ለወሰን የሚገናኙ ማሳዎች ኩታ ገጠም ይባላሉ። ማሳው አራት ቦታ የተበጣጠሰበት ገበሬ ከአንዱ ወደ ሌላው በሬና ሞፈር ይዞ ሲመላለስ ቀኑ በመንገድ ያልቅበታል። መሬቱ በስፋት አልቀነሰም፣ በሬዎቹም አልደከሙም፤ ጊዜውን የበላው መመላለሱ ነው። በዲስክ ላይ የሚሆነውም ይኸው በመሆኑ ሁለቱም ቃላት፣ «መበጣጠስ»ም «ኩታ ገጠም»ም፣ ከእርሻው ወደ ዲስኩ ያለ ችግር ይሻገራሉ።

ሌሎች አማራጮች ነበሩ። «መሰባበር» ብንል ፋይሉ የተበላሸ ይመስላል፤ የተበጣጠሰ ፋይል ግን ጤነኛ ነው፣ ይከፈታል፣ ይነበባል። «መቆራረጥ» ደግሞ በመብራትና በኢንተርኔት ተይዟል። «ማሰባሰብ» ወይም «ማደራጀት» ካልን አንባቢው ፎቶዎቹን በአንድ ፎልደር መሰብሰብ ማለት ሊመስለው ይችላል። ፎልደር ተጠቃሚው በስክሪን ላይ የሚያየው አደረጃጀት ሲሆን፣ እዚህ የምንነጋገረው ፋይሉ በዲስኩ አካል ላይ በትክክል የት እንደተጻፈ ነው። በአንድ ፎልደር የተቀመጡ ፋይሎች በዲስኩ ላይ ጫፍና ጫፍ ሊሆኑ ይችላሉ።

በዲስኩ ውስጥ ምን ይሆናል?

ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። በብረት ሣጥኑ ውስጥ መግነጢሳዊ ቅባት የተቀቡ ክብ ሳህኖች አሉ፤ በላያቸውም በጣም ቀጭን ክፍተት ጠብቆ የሚንሳፈፍ ማንበቢያ ራስ በክንድ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳል። የብዙ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ የብዙ ዴስክቶፖች ደግሞ 7,200 ጊዜ ይዞራል።

ዊንዶውስ ዲስኩን «ክላስተር» በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ ይጠቀምበታል። ዛሬ በተለመደው አሠራር የአንዱ ክላስተር መጠን 4 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ 3 ሜጋባይት የሚሆን አንድ ፎቶ 768 ክላስተሮች ይይዛል። ዲስኩ አዲስ ሲሆን እነዚህ ሁሉ ተከታትለው ይቀመጣሉ። ችግሩ የሚጀምረው ስናጠፋ ነው። ከመቶ ፎቶ መካከል ያልወደድናቸውን ሠላሳውን እዚህም እዚያም መርጠን ብናጠፋ ሠላሳ ትንንሽ ክፍተቶች ይቀራሉ። ቀጥሎ ትልቅ የሰርግ ቪዲዮ ስንገለብጥ፣ በተለይ ዲስኩ ሊሞላ የቀረበ ከሆነ፣ ቪዲዮው ሙሉውን የሚያስቀምጥበት ሰፊ ቦታ ያጣና በየክፍተቱ ተከፋፍሎ ይገባል። ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ፣ የኢንተርኔት ማሰሻው ጊዜያዊ ፋይሎችን ሲጽፍና ሲያጠፋ ያው ነገር በየቀኑ ይደጋገማል። ቫይረስ የለም፣ ብልሽት የለም፤ የዘወትር አጠቃቀም ያመጣው ነው።

ምን ያህል ያዘገያል?

ስሌቱ ቀላል ነው። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 90 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር ወደ 11 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ማንበቢያው ራስ ትክክለኛው መስመር ላይ ከደረሰ በኋላ የሚፈለገው ቦታ ዞሮ ከሥሩ እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 5.6 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ክንዱ መስመሩ ላይ እስኪደርስ የሚፈጀው ደግሞ በብዙ የላፕቶፕ ዲስኮች 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አንዱ ዝላይ በድምሩ ከ17 እስከ 18 ሚሊሰከንድ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን 20 ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል እንውሰድ። ዲስኩ በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚያነብ ከሆነ ኩታ ገጠሙ ፋይል ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይነበባል። ያው ፋይል 200 ቦታ ተበጣጥሶ ተራርቆ ከተቀመጠ ግን ዝላዮቹ ብቻ ወደ 3.5 ሰከንድ ይደርሳሉ። የፋይሉ ይዘት አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሁሉ የመመላለስ ጊዜ ነው። ኮምፒውተር ሲነሣ በርካታ ፋይሎች በተከታታይ ስለሚነበቡ ይህ ሲደማመር የደቂቃዎች መዘግየት ይሆናል።

ከዚህ ስሌት አንድ ሌላ ነገር እንማራለን። ቁራጮቹ ትልልቅ ከሆኑ መበጣጠሱ ጉዳት የለውም። 64 ሜጋባይት የሚሆን ቁራጭ ለማንበብ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የአንዱ ዝላይ 17 ሚሊሰከንድ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህም ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ 64 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ቁራጮችን ለማገጣጠም አይደክምም። መቶ በመቶ ኩታ ገጠም የሆነ ዲስክ ለማግኘት መድከም ትርፍ የለውም።

ከዶስ እስከ ዛሬ

ይህ ጥገና ድሮ የተጠቃሚው የራሱ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ኤምኤስ ዶስ 6 ለዚሁ የሚሆን ፕሮግራም ይዞ መጣ፤ ዊንዶውስ 95 እና 98ም ቀጠሉበት። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የነካ ሰው ያንን ስክሪን አይረሳውም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለ ቀለም ትንንሽ ሳጥኖች ይደረደራሉ፣ አንዱ ቀለም እየጠፋ በሌላው ይተካል፣ ዲስኩም ሲንጫጫ ይሰማል። ሥራው ሰዓታት ይወስድ ነበር። በመሐል ሌላ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ አንዳች ነገር ከጻፈ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። ስለዚህ ሰዎች ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘግተው፣ ስክሪን ሴቨሩንም አጥፍተው ሌሊቱን ሲሠራ እንዲያድር ይተዉት ነበር።

ዊንዶውስ ቪስታ ሥራውን በየሳምንቱ በራሱ እንዲሠራ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ደግሞ ሜካኒካል ያልሆኑትን አዲሶቹን ዲስኮች (ኤስኤስዲ) ለይቶ ከዚህ ሥራ ማውጣት ጀመረ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የፕሮግራሙ ስም ራሱ ተለውጦ «ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» ሆነ፤ እንደ ዲስኩ ዓይነት የተለያየ ሥራ መሥራት በመጀመሩ የቀድሞው ስም አልበቃውም።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነስ?

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሳህንም የሚዘል ክንድም የለውም። መረጃው የተያዘው በኤሌክትሮኒክ ሴሎች ነው፤ ወደ የትኛውም ቦታ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሚሊሰከንድ በእጅጉ ያነሰ ነው። መመላለስ ስለሌለ ኩታ ገጠም ማድረግ የሚያተርፈው ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ጉዳት ግን አለው። የኤስኤስዲ ሴሎች የሚችሉት የመጻፍ ብዛት የተወሰነ ነው፤ ፋይሎችን ያለ ፍሬ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ያንን ዕድሜ መቀነስ ነው።

ኤስኤስዲ የሚፈልገው ሌላ ጥገና ነው፤ «ትሪም» ይባላል። ፋይል ስናጠፋ ዊንዶውስ ለኤስኤስዲው «ይህ ቦታ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ የሚያሳውቅበት መንገድ ነው። ኤስኤስዲው ይህን አውቆ ቦታውን አስቀድሞ ሲያጸዳ በኋላ አዲስ መረጃ መጻፉ ይፈጥናል። ዊንዶውስ ይህን በራሱ ይሠራል፤ ከተጠቃሚው የሚጠበቀው ትሪምን አለማጥፋት ብቻ ነው። ፍላሽም በኤሌክትሮኒክ ሴል የሚሠራ ስለሆነ ኩታ ገጠም ማድረግ አያስፈልገውም።

በቤት እንዴት ይሠራል?

በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዲፍራግ» (defrag) ብለው ይጻፉና የሚመጣውን ፕሮግራም ይክፈቱ። በዝርዝሩ ውስጥ «ሚዲያ ታይፕ» የሚለው ዐምድ እያንዳንዱ ዲስክ ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግርዎታል። «ሃርድ ዲስክ ድራይቭ» ካለ የሚሽከረከረው ነው፤ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ካለ ኤስኤስዲ ነው። ከጎኑ ጥገናው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተሠራና ፋይሎቹ በመቶኛ ምን ያህል እንደተበጣጠሱ ተጽፏል።

ይህን ቀን ማየት በተለይ ለእኛ ቤቶች ይጠቅማል። የዊንዶውስ የራስ-ሰር ጥገና የሚቀጠረው ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ካመለጠው ኮምፒውተሩ ያለ ሥራ የተቀመጠበትን ጊዜ ይጠብቃል፤ በባትሪ ላይ ካለ ግን አይጀምርም። እኛ ደግሞ ሥራችንን እንደጨረስን እናጠፋለን፣ ላፕቶፑንም ብዙውን ጊዜ በባትሪ እንሠራበታለን። ስለዚህ በራሱ ይሠራል የተባለው ጥገና ወራት ሊዘለል ይችላል። በሃርድ ዲስክ ላይ የመበጣጠሱ መጠን ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ ካገኙት «ኦፕቲማይዝ» የሚለውን ይጫኑ።

ከመጫን በፊት ግን ሦስት ነገሮች ይቀድማሉ። አንደኛ፣ ቦታ ያስለቅቁ። ፕሮግራሙ ፋይሎቹን የሚያንቀሳቅስበት ስፍራ ስለሚፈልግ ከዲስኩ ቢያንስ 15 በመቶው ባዶ ይሁን። በዚህ ላይ ባዶ ቦታ ያለው ዲስክ ዳግም የሚበጣጠሰውም ቀስ ብሎ ነው። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑን ከመብራት ጋር ያገናኙ። ፕሮግራሙ ቁራጩን በአዲሱ ቦታ ሳይጽፍ የድሮውን ስለማይለቅ መብራት ቢሄድም ፋይል ብዙውን ጊዜ አይጠፋም፤ ቢሆንም መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ መጀመር ደግ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዲስኩ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ያልተለመደ ድምፅ ካሰማ ወይም ፋይሎች አልከፈት ካሉ ፈጽሞ አይጀምሩ። እንዲህ ያለው ዲስክ ሊሞት የተቃረበ ሊሆን ስለሚችል ብዙ ሰዓት ማሠራት ያፋጥነዋል። ቅድሚያ የሚሰጠው ፎቶዎቹንና ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው።

ኩታ ገጠም ማድረግ የማይፈታው

ሁሉም መንቀራፈፍ ከመበጣጠስ አይመጣም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረውት የሚነሡ ፕሮግራሞች ከበዙ በታስክ ማናጀር «ስታርታፕ» በሚለው ክፍል የማያስፈልጉትን ማቆም ይበጃል። ብዙ ገጽ ሲከፈት ብቻ ስታክ የሚያደርግ ከሆነ ያነሰው ራም ነው። ጥቂት ከሠራ በኋላ እየጋለ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ማራገቢያው አቧራ ይዞ ይሆናል፤ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን ለመቀነስ ሲል ራሱን ያዘገያል። እነዚህን ምልክቶች መለየት የተቻለ እንደሆነ አላስፈላጊ ፎርማትና አላስፈላጊ ወጪ ይቀራል።

የምንጨምረው ምክርም አለ። ኮምፒውተርዎ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነና የተወሰነ ገንዘብ ካለዎት፣ ኩታ ገጠም ማድረግ የሚሰጥዎትን ጥቅም ብዙ እጥፍ አድርጎ የሚሰጥዎት ያንን ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥ ነው። እስኪለወጥ ድረስ ግን ያለውን ተንከባክቦ መያዝ ይገባል፤ ይህም አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙም ከራሙና ከፕሮሰሰሩ ጋር «ዲስኩ የሚሽከረከር ነው ወይስ ኤስኤስዲ?» ብለው ይጠይቁ። ጠጋኝ ቤት ወስደውት «ዲፍራግ አድርጌዋለሁ» ካሉዎትም የትኛው ዲስክ እንደሆነ ያጣሩ። በሃርድ ዲስክ ከሆነ የሚገባ ጥገና አግኝተዋል፤ በኤስኤስዲ ከሆነ ግን ለማያስፈልግ ሥራ ከፍለዋል።