ገዳይ ወይስ ዘበኛ?

ካሚሎ ጎልጂ ስሙን ያስጠራለትን ሥራ የሠራው በወጥ ቤት ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሚላን አጠገብ፣ አቢያቴግራሶ በተባለች ከተማ፣ የማይድኑ ሕሙማን በሚጦሩበት ሆስፒታል ሲያገለግል የአንጎል ቁራጭ በፖታሲየም ዳይክሮሜት ያጠነክርና ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይዘፈዝፍ ነበር። ከብዙ ሕዋሳት መካከል ጥቂቶቹ ብቻ፣ በቢጫ መደብ ላይ፣ እስከ ቅርንጫፋቸው ጫፍ ጠቁረው ወጡለት። ይህን እ.ኤ.አ. በ1873 አሳተመ።

በብር ውህድ ማቅለም ለጀርመናዊው ሐኪም ለአሎይስ አልዛይመርም ጠቅሞታል። አውጉስተ ዴተር የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1901 በ51 ዓመቷ የማስታወስ ችሎታዋ ከድቷት ፍራንክፈርት ሆስፒታል ገባች። በ1906 ስትሞት አንጎሏ ሙኒክ ለሄደው ሐኪሟ ተላከ። እሱም በሕዋሳቱ መካከል ክምችት፣ በውስጣቸው ደግሞ የተተበተበ ክር አየ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ሲያቀርብ አንድም የጠየቀው አልነበረም።

ጥያቄስ ነበረ። ማይክሮስኮፑ የሚያየው የሞተ አንጎል ነው፤ ሬሳ አጠገብ የተገኘው ሁሉ ደግሞ ገዳይ አይደለም። ክምችቱ ሕዋሱን ገደለው ወይስ ሊያድነው ሲሞክር ተገኘ?

ለዚህ መልስ ሕያው ሕዋስ መከታተል ያስፈልግ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ግላድስተን ተቋም የስቲቨን ፊንክባይነር ቡድን የሠራው ሮቦት ማይክሮስኮፕ በሳህን ላይ ወደሚያድጉ የነርቭ ሕዋሳት፣ ወደ እነዚያው፣ በየጊዜው እየተመለሰ ፎቶ ያነሳል። የትኛው ሕዋስ መቼ እንደሞተ የሚሰላው የመድኃኒት ሙከራ ታካሚዎች ዕድሜ በሚሰላበት ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የብዙዎችን ግምት ገለበጠ፦ ሀንቲንግተን የተባለውን የአንጎል በሽታ የሚያመጣውን ፕሮቲን በአንድ ቦታ ያከማቹት ሕዋሳት ካላከማቹት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ። ቢያንስ እዚህ ክምችቱ ዘበኛ ነበር! ክምችቱን ብቻ ለማፍረስ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ያላጠፋውን ሊከስ ይችላል ማለት ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ሕዋስን ለማየት የሚቀባው ቀለም ራሱ ሕዋሱን ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቡድኑ ከጉግል ተመራማሪዎች ጋር፣ ቀለም የተቀቡና ያልተቀቡ የአንድ ሕዋስ ምስሎችን ለኮምፒውተር አስተማረ። ኮምፒውተሩም ያልተቀባውን አይቶ ኒውክለሱ የት እንዳለ፣ ሕዋሱ ሞቶ እንደሆነ መለየት ቻለ። ብዙ ውህዶችን በሕያው ሕዋስ ላይ መፈተሽ እንዲህ ይቀላል።

ሆኖም በሳህን ላይ የዳነ ሕዋስ የዳነ ሰው አይደለም። አልዛይመር ያየውን ክምችት የሚያነሳው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል፤ የአልዛይመር በሽታን ግን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።