ዶቅዶቄዋን ወደ የትኛው ዘመን እንመልሳት?

ባለፈው ክረምት አንድ ቁራሌው ከአንዳችን ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሳ የተጋደመችውን አሮጌ ቬስፓ በኪሎ ሊገዛ ዋጋ ጠራ። እናትየው ለመሸጥ ምንም አልቀራቸውም ነበር። እኛ ግን የታሪክ ተማሪዎች ነንና፣ ኪሳችን ባዶ ቢሆንም «አትሽጧት፣ እንጠግናታለን» ብለን ተሟገትን። ሦስት ነን፤ ከሦስታችን ሞተር ፈትቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ይህች ጽሑፍ የመካኒክነት ገድላችንን ለመተረክ አልተጻፈችም። ገድልም የለንም። ዶቅዶቄዋ ክፍል ውስጥ በቃል ብቻ ስንከራከርበት የኖርነውን ጥያቄ እጃችን ላይ ስለጣለችብን ነው፦ አንድን ያለፈ ነገር «ወደ ነበረበት መመለስ» ሲባል፣ የነበረው የቱ ነው?

እስቲ ከትውልዷ እንጀምር። ቬስፓ የጦርነት ልጅ ናት። ፒያጆ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፖንቴዴራ በሚገኘው ፋብሪካው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይሠራ ነበርና ፋብሪካው በአየር ድብደባ ፈራረሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሕዝቡ መኪና መግዣ አልነበረውም፤ መንገዱም ተቦርቡሯል። ኤንሪኮ ፒያጆ ርካሽ መጓጓዣ እንዲነድፍለት ያዘዘው ኮራዲኖ ዳስካኒዮን ነው። ሰውየው የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክል ግን አይወድም ነበር ይባላል። ሳይወድ የሠራት መሆኑ በጀን። ሞተሩን ከኋላ ደበቀው፣ ሰንሰለቱን አስቀረ፣ የነጂው ልብስ እንዳይቆሽሽ ፊቷን በላሜራ ጋረደ፤ የፊት ጎማዋንም እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ክንድ ብቻ አንጠለጠለው። የፈጠራ መብቷ ማመልከቻ የገባው ሚያዝያ 15 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዋ 98 ሲሲ ብቻ ነበረች፤ ስሟም ተርብ ማለት ነው። አሥር ዓመት ሲሞላት የተሠሩት ቬስፓዎች አንድ ሚሊዮን ደረሱ። የእኛዋ 150 ሲሲ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. መሠራቷን ያወቅነው፣ የብራናን ዕድሜ ከፊደሉ ቅርጽ እንደሚለዩት ሊቃውንት፣ ገላዋ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ነው።

ያቺን አገር እኛ በሌላ መንገድም እናውቃታለን። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን የመጣችብን እሷው ናት። ወራሪው ተባረረ፤ ከሰዎቹ ጥቂቶቹ ግን ቀርተው በየጋራዡ ሠሩ፤ ቋንቋቸውም ቀረ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ፦ ሁሉም ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ ግን የመርካቶው ጎሚስታ ቃሉን ከባዕድ ተዋስኩ ብሎ አያፍርበትም፤ እንጀራውን ያበሰለበት የራሱ ቃል ነው። ለመሆኑ ቃሉን የኛ ያደረገው ማን ነው? አዋጅ አይደለም፣ አካዳሚም አይደለም። ዘይት የጠጣ እጅ ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ፒስቶኑ ተጣብቆ ነበር። በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣ እያጠጣን ሦስት ቀን ጠበቅነው፤ በአራተኛው ቀን ነቅነቅ ሲል እልል አልን። ካርቡራቶሩን ስንፈታ ከሥሩ ከኒያላ ሲጋራ ፓኮ ካርቶን የተቆረጠ ማሸጊያ አገኘን። ሳቅን። ቀጥሎ ያደረግነውን ግን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

ዝገቱን ለማስለቀቅ ስንጣደፍ የግራ ጎኗን ሽፋን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እንፍቅ ጀመር። ከቀዩ ቀለም ሥር አረንጓዴ ወጣ። ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ በእጅ የተጻፈ ነጭ ጽሑፍ ነበር። «ቁም!» ያለው ልጅ ሲጮህ የቀረው «ጋራዥ» የሚል ቃልና ከፊቱ የአንድ ፊደል ግማሽ ብቻ ነው። ባለቤቷ የነበሩት አባት በ1970ዎቹ ከሰው ላይ የገዟት ሲሆን፣ እሳቸውም በሕይወት የሉም። ከዚያ በፊት የማን እንደነበረች ሊነግረን ይችል የነበረው ያ መስመር ብቻ ነበር። ታሪክ የሠራተኛው ሥራ ነው እያልን የምንከራከር ተማሪዎች፣ የአንዱን ሠራተኛ ስም በገዛ እጃችን ፈቅን ጣልነው። ለዚህ ጥፋት ሳንሱርም ሆነ ወራሪ አላስፈለገም፤ የእኛ ችኮላ በቃ።

በማግሥቱ ጋሼ የምንላቸውን የሠፈሩን አዛውንት መካኒክ ጠራናቸው። ጎንበስ ብለው እግር ማሳረፊያው ላይ የተለጠፈውን ጥጋን በጣታቸው ዳበሱት።

«ይኼ የበርሜል ላሜራ ነው» አሉ። «ያኔ ዕቃ ከየት ይመጣል ልጆቼ? በርሜል ይቀደዳል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል። የማን ሥራ እንደሆነ አላውቅም፤ እጁ ግን የሚያውቅ እጅ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ በእኛው መካከል ሆነ። አንዳችን «ከፋብሪካ እንደወጣች እናድርጋት፤ ጥጋኑ ይነሣ፣ ቀለሙም የመጀመሪያው ይሁን» አለ። ሌላው «አንዲት ቡሎን አትነኩም» አለ። ሁለቱም አላሳመኑንም። ወደ ፋብሪካው መልክ መመለስ ማለት፣ ታሪኳ የተሠራው ፖንቴዴራ ላይ ብቻ ነው፣ እዚህ የኖረችበት ስልሳ ዓመት እድፍ ነው ማለት ነው። ብራናውን ፍቆ በላዩ እንደመጻፍ ነው። ጨርሶ አለመንካትም ለዝገትና ለቁራሌው መተው ነው፤ ያን ጥጋን የሠራው ሰው እኮ የሠራው እንድትሄድ ብሎ ነው!

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ፍሬኑ፣ ሽቦውና ጎማዎቹ አዲስ ይሆናሉ፤ በሰው ነፍስ ላይ ቅርስ ጥበቃ የለም። የበርሜሉ ጥጋን ባለበት ይቆያል። «ጋራዥ» የምትለዋ ቃል ከግማሽ ፊደሏ ጋር በቨርኒሽ ተሸፍና ትቀመጣለች፤ ከጎኗ ያለውም ጭረት እንዳለ ይቀራል፣ የእኛ ጥፋት ነውና እሱም የታሪኳ አካል ነው። የኒያላው ካርቶን አገልግሎቱን ጨርሷል፤ አሁን ደብተራችን ውስጥ ተለጥፏል፤ ከየት እንደወጣም ተጽፎበታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳንጽፍና ፎቶ ሳናነሣ የፈታነው ዳዶ የለም።

ሞተሩ ገና አልተነሣም። የፒስቶኑ ፋሻ እስኪገኝ እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ግን አንድ አደራ አለን፦ እናንተም በየቤታችሁ የቆመ ሬዲዮ፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም ዶቅዶቄ ይኖራችኋል። መፋቅ ከመጀመራችሁ በፊት መብራት አምጡና አንብቡት።