ከዛፍ ሥር የተማረ አንደበት

በጎጃም ወይም በጎንደር የርስት ባለመብት ነኝ የሚል ገበሬ መሬቱን የሚያስከብረው በወረቀት አልነበረም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ራሱ አልነበረምና። ከዳኛው ፊት ቆሞ ከራሱ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ አያቱ እየወጣ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አቅኚ አባት ድረስ የትውልድ ሐረጉን መቁጠር ነበረበት። ባላጋራው አጠገቡ ቆሞ ስሕተቱን ይጠብቃል፤ ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ ያዳምጣል። መሐል ላይ የተደናገረና ምላሱ የተሳሰረ ሰው የሚያጣው የልጆቹን እንጀራ ነው።

ይህ ገበሬ ከማንም የተለየ ድፍረት ይዞ የተወለደ አልነበረም። ጉልበቱ እንዳይብረከረክ ያደረገው ነገር ከውጭ የመጣ ነው፤ ይኸውም በላ ልበልሃ፣ አንዳንዴም ተጠየቅ ልጠየቅ እየተባለ የሚጠራው የሙግት ሥርዓት ነበር።

በዚህ ሥርዓት ተናጋሪው ከባዶ አይነሣም። ነጠላውን እንደ ደንቡ አደግድጎ፣ ዘንጉን ይዞ ይቆማል። የመክፈቻው ቃል የታወቀ ነው፤ ከዚያም ፈጣሪን፣ ንጉሡንና ዳኛውን ያወድሳል፤ ቤት በሚመታ አነጋገርና በምሳሌ ወደ ነገሩ ይቀርባል። ይህ መግቢያ ለሰሚው ጌጥ ይመስላል፤ ለተናጋሪው ግን እስትንፋሱ የሚረጋበት፣ የገዛ ድምፁን የሚለምድበት ጊዜ ነበር። በጣም የሚፈራውን የመጀመሪያ ደቂቃ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ባበጁለት ቃል ይሻገረዋል። «ተጠየቅ!» ብሎ ባላጋራውን ወደ ጥያቄ ሲያስገባ ፍርሃቱ ለሙቀት ቦታውን ለቅቋል።

ውርርዱም የራሱ ትምህርት ነበረው። ተከራካሪው ያልኩት ባይገኝ ማር ልስጥ፣ በቅሎ ልስጥ፣ ፈረስ ልስጥ እያለ በየነጥቡ ይወራረዳል፤ የተረታው ይከፍላል። ስለዚህ ሰው የሚናገረውን ከመናገሩ በፊት መመዘን ነበረበት፤ እርግጠኛ በሆነበት ነገር ላይ በበቅሎ፣ በሚጠራጠርበት ላይ በማር። በራስ መተማመንና ጉራ የሚለያዩበት መስመር በገንዘብ ተሰምሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ዋናው ነገር ግን ሙግት የጥቂቶች ሙያ አለመሆኑ ነው። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ይቆማል፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን አስቁመው ዳኝነት ይጠይቁታል፤ እርሱም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያያል። ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ተሳስረው ወደ ችሎት ሲሄዱ ማየት ለውጭ አገር ተጓዦች እንግዳ ቢሆንም ለአገሬው የዘወትር ነገር ነበር። ሕፃን የከብት ጥበቃውን ትቶ የሚያዳምጠው፣ ሽማግሌ ከዓመታት በኋላ የሚጠቅሰው ሙግት በየመንደሩ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ከፍተኛ ዳኛ «አፈ ንጉሥ» መባሉም ሥልጣንና አንደበት ምን ያህል እንደተቀራረቡ ያሳያል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ምሳሌ የተወለደው በዚሁ አገር ነው። («ዝም አይነቅዝም» የሚለውም የዚያው አገር ልጅ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም።)

በታላላቆቹ ችሎቶች ውስጥ የነበረ አንድ ልማድ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ሙግቱ ከተሰማ በኋላ በችሎቱ የተገኙት ሰዎች ፍርዳቸውን ሲሰጡ የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅተኛው ነበር፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እየወጣ በገዢው ወይም በንጉሡ ይዘጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ የሚለው አይኖረውም። ወጣቱ ባለሟል የሚናገረውን የሚደግመውም የሚጠጋበትም ሰው ሳይኖር፣ በመኳንንቱ ፊት የራሱን አሳብ ማውጣት ነበረበት። በዘመናችን በየድርጅቱ አለቃው መጀመሪያ ተናግሮ «እስቲ አስተያየት» ከሚልበት ስብሰባ ጋር ሲነጻጸር የቀድሞዎቹ የሰውን ጠባይ የተሻለ ያወቁ ይመስላል።

የቤተ ክህነቱም መንገድ ከዚህ አይርቅም። የቅኔ ተማሪ ባለስምንት ቤቱን መወድስ ወዲያው አይሞክርም፤ በባለሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ብቻውን ሆኖ ይቆጥራል፤ ቀጥሎ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ይታረማል፤ ተመልሶ ይቆጥራል። ጥቂት መናገር፣ መታረም፣ ጥቂት ጨምሮ መናገር ነው።

ይህን ሁሉ ሲያነሡ የሥርዓቱን ግፍ መሸፈን አይቻልም። ነገር አዋቂው እውነተኛውን የሚረታበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። በቅሎ የሌለው በበቅሎ ሊወራረድ አይችልም። የሴቲቱና የጭሰኛው ድምፅ ከባለርስቱ ድምፅ እኩል አልተሰማም፤ ባሪያ የተደረገውማ ከዚያም በታች ነበር። ኅብረተሰቡ ራሱ መናገር አደገኛ የሚሆንበትን ስፍራ ያውቅ ነበር፤ ወንጀለኛ ለማውጣት መንደሩ በሚሰበሰብበት አውጫጭኝ ምስጢሩን የሚያደርሰው ሰው «ወፍ» ይባል የነበረው በስሙ እንዳይታወቅ ነው።

ከ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እስከ 1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ድረስ በአሥር ዓመት ያህል ውስጥ የወጡት ሕጎች ይህን ዓለም ዘጉት። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 በሕጉ የተሸፈኑ ጉዳዮችን የሚመለከተውን ልማድ ሻረ። በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ክስ በጽሑፍ ሆነ፤ ጠበቃ ሙያ ሆነ። አንደበቱ የተሳሰረው ሰው በዚህ ተጠቀመ፤ ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ሆኖም ተራው ሰው ቆሞ መናገር ይማርበት የነበረው አደባባይ አብሮ ሄደ፤ የተተካውም ትምህርት ቤት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው፣ ተማሪውን በይበልጥ የፈለገው እንዲያዳምጥና እንዲገለብጥ ነበር።

የቀድሞው ሥርዓት ቅሪት ዛሬ በይበልጥ የሚታየው በሽምግልና ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት ሽማግሎች ልጅ ሊጠይቁ ሲመጡ «ተቀመጡ» ቢባሉ ወዲያው አይቀመጡም፤ የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ እንደማይቀመጡ በታወቀው ቃል ያስታውቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ምናልባት ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ የሰነበተና በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ነጠላውን አስተካክሎ ይጀምራል።